የጭራሮ ክምሩ ባለቤት

ሳኖባር ድመት አልወድም ትላለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ግቢ ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ ይኸንኑ ስትል ነው የኖረችው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ላሟን አልባ ስትመለስ፣ በረቱ ጥግ ባለችው አፏ የተሸረፈ ሳህን ላይ ወተት ጠብ ታደርግና ዘወር ትላለች። ዘወር ካላለች የሚመጣ የለም። የእርሻው ድመቶች የሰው ድመቶች አይደሉም። ገለባ ሥር ተወልደው፣ አሮጌ ጋሪ ውስጥ አድገው፣ እጅ ሲዘረጋላቸው የሚቧጭሩ፣ ሲጠሯቸው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉ ናቸው። «ካልወደድሻቸው ለምን ትቀልቢያቸዋለሽ?» ያሏት እንደሆነ መልሷ አንድ ነው፦ «ለትሎቼ ስል!» እንግዲህ ውሸት ነው አይባልም። ግማሹ እውነት ነው።

ትሎቹ የሐር ትሎች ናቸው። ማርጊላን ከተማ አጠገብ ባለው መንደራቸው፣ የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ሰው ሁሉ ትልቁን ክፍሉን ለትል ይለቅና ራሱ በረንዳ ላይ ይተኛል። የሐር ትል ቅምጥል ነው። ሽቶ አይወድም፣ የሽንኩርት ቁሌት አይወድም፣ ብርድ አይወድም፣ ጩኸት አይወድም። መድኃኒት የነካው ቅጠል ከቀመሰ ደግሞ አለቀለት። ከሁሉ የከፋ ጠላቱ ግን አይጥ ነው። አንዲት አይጥ ገባች ማለት የአንድ ቆጥ፣ ማለት የአንድ የትል መደርደሪያ፣ ትል ተጠርጎ ተበላ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ መርዝ ማኖር አይታሰብም፤ ትሉ ከአይጡ ቀድሞ ይሞታል። ስለዚህ ድመት ግድ ነው።

በረዶው ሳይጥል በፊት ሰባት ድመት ነበር። አሁን የቀረችው አንዲት ናት። ታርጊል ይሏታል፣ ዝንጉርጉር ለማለት ነው፤ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ሆዷ ሥር ነጭ ያለባት፣ ዐመለ ቢስ።

ስድስቱን የጨረሳቸው የሆሲያት መርዝ ነው። ሆሲያት የአጥር ጎረቤት ናት። ሁለቱ ሴቶች ባንድ ወር ተዳሩ፣ ባንድ ዓመት ወለዱ፣ ባሎቻቸውንም በሁለት ዓመት ልዩነት ቀበሩ። ሆሲያት በቆሎዋን አይጥ ቢጨርስባት ጎተራዋ ውስጥ መርዝ አስቀመጠች። አይጡ መርዙን በላ፣ ድመቱ አይጡን በላ። ባንድ ሳምንት ስድስት። ድመት የማትወደው ሳኖባር በውርጭ የደረቀ መሬት በዶማ እየፈለጠች ስድስቱንም ቀበረች። ከዚያ የሆሲያት በር ላይ ሄዳ ቆመችና አፏ ያመጣላትን ሁሉ ተናገረች። መንገዱ ሙሉ ሰው ሰማ። ምን ቀራት! «ያንቺ ቤት ሰው እንኳ አይድንበትም» አለች። ይኼ የሆሲያትን ባል ሞት የሚነካ ነገር ነበርና፣ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ተመኘች። ግን አልመለሰችም።

በናውሩዝ በዓል ሆሲያት በጎድጓዳ ሳህን ሱማላክ ልካ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲማሰል ያደረ የስንዴ ቡቃያ ገንፎ፣ ለዕርቅ። በዚያ መንደር የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምንም የሌለው ሰው እንኳ እፍኝ ዘቢብ ይጥልበታል። ሳኖባር ሳህኑን አጠበችና ባዶውን መለሰችው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

ሳኖባር ለማንም ያልተናገረችው ሌላ ነገር አለ። ዓምና ታርጊል ገለባ ሥር አራት ወልዳ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ሳኖባር ሆዷ አልችል አለና ግልገሎቹን በሻሿ ሰብስባ ቤት አስገባቻቸው። ምድጃ አጠገብ፣ ካርቶን ውስጥ፣ በጥጥ ላይ። ታርጊል ሦስት ቀን በሩ ላይ ተመላለሰች፤ ደጃፉን ግን አልረገጠችም። ሳኖባር በዐይን ጠብታ ብልቃጥ የላም ወተት ታጠባቸው ነበር። አንድ ባንድ ሞቱባት። አራተኛው እጇ ላይ ነው የሞተው። ያን ቀን፣ የዚህችን ድመት ልጅ ሁለተኛ በእጄ ብነካ አላህ ይፍረድብኝ አለች።

እንግዲህ በግንቦት አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሳኖባር የእንጆሪ ቅርንጫፍ እየቆረጠች ሳለ፣ የልጇ ሚስት ኢክቦል ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጣች። ኢክቦል ሃያ ዓመቷ ነው፤ ከተዳረች ስምንት ወሯ። ባሏ ሼራሊ ካዛን ከተማ ግንብ ሊሠራ ሄዷል።

«ኦዪ! ኦዪ!» አለች፤ አማቷን እናቴ ማለቷ ነው። «ትሎቹ ራሳቸውን አነሱ!»

«ምን አንቺ፣ ገና ሁለት ቀን ይቀራቸዋል።»

«መጥተው ይዩዋቸው! ቅጠል አልበላ አሉ። ብርሃን ያሳልፋሉ፣ እንደ ወይን ፍሬ ሆነዋል።»

ሳኖባር መቁረጫዋን ጥላ ሮጠች። እውነት ነው። ሰሞኑን ሙቀቱ ጠንክሮ ነበርና ትሎቹ ደርሰዋል። በአራቱም ቆጥ ላይ ራሳቸውን ቀጥ አድርገው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ መወጣጫ እየፈለጉ ነው። የሐር ትል በዚህች ሰዓት ደረቅ ጭራሮ ይፈልጋል። ጭራሮው ላይ ወጥቶ ነው ጎጆውን የሚፈትለው። ጭራሮ ካጣ እዚያው ፋንድያው ላይ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ተጣብቆ ይፈትላል፤ ያ ደግሞ ለምንም አይሆንም። የአርባ ቀን ልፋት ባንድ ከሰዓት በኋላ ገደል ገባ ማለት ነው።

ጭራሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በመከር ይለቀማል፣ በእስር በእስር ይታሰርና እስከ ጣሪያ ይከመራል። ከዚያ ትል ራሱን እስኪያነሳ ድረስ ማንም ጣቱን አያሳርፍበትም። ቀድሞ የነካው እንደሆነ ትሉ ሰምቶ ይሰንፋል ይላሉ። ሳኖባርም አማቷ እንደነገረቻት ይኸው አርባ ዓመት ሳትነካ ኖራለች፣ ሌላውንም አላስነካችም። የዚህ ወግ ጣጣው የመጣው አሁን ነው። ሰባት ወር ሙሉ ማንም ያልነካው፣ ማንም ያላየው፣ ደረቅ፣ ሙቅ፣ ጨለማ ክምር! ድመት ብትሆኑ የት ትወልዱ ነበር?

ሳኖባር የፊተኛውን እስር ስባ እንዳነሳች ከውስጥ «ህህህህ» የሚል ተሰማት። ጎንበስ ብላ አየች። ሁለት ቢጫ ዐይኖች አፈጠጡባት። ከዐይኖቹ በታች፣ የክምሩ እግር ላይ፣ ዐይናቸውን ያልገለጡ አራት ግልገሎች የታርጊል ሆድ ላይ ተለጥፈው ይጠባሉ። ከተወለዱ ሦስት ቀን ቢሆናቸው ነው።

እስሩን ቀስ ብላ ቦታው መለሰችና ወደ ኋላዋ እየሄደች ወጣች። ኢክቦል በር ላይ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃታለች።

«ጭራሮውስ?»

«የለም።»

«እንዴት የለም? ቤት ሙሉ አይደል እንዴ!»

«የለም አልኩሽ! ባለቤት አለው።»

ኢክቦል አንገቷን አስግጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ወለደች? ... ታዲያ ከላይ ከላይ እንውሰድ።»

«ከላይ ስትነኪው ከሥር ይናዳል። ልትቀብሪያቸው ነው?»

«እንግዲያው እኔ ቀስ ብዬ ግልገሎቹን አውጥቼ—»

«እጅሽን እቆርጠዋለሁ!»

ኢክቦል ክው አለች። በስምንት ወር ውስጥ አማቷ እንዲህ ጮኻባት አታውቅም። ሳኖባር ራሷም ደነገጠች። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ ጊዜ በሌለበት ሰዓት፣ ለሰው ያልተናገረችውን የዓምናውን ነገር ዘከዘከችው። ሻሹን፣ ካርቶኑን፣ ብልቃጡን፣ አራተኛውን።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለች። «እሷ ከሄደች ይህ ግቢ የአይጥ ነው። እሱስ ይሁን፤ ግን ደግሜ ልጆቿን ልገድልባት? አልችልም። አንጀቴ አይችልም።»

ኢክቦል ልትስቅ ትችል ነበር። ስለ ድመት ይህን ያህል! ግን አልሳቀችም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና «እሺ፤ ከማን እንለምን?» አለች።

«ከማን ይለመናል? ዛሬ የሁሉም ሰው ትል ነው ራሱን የሚያነሳው።»

«እንጆሪ ዛፍ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። እትዬ ሆሲያት ግቢ ሙሉ ክምር አለ።»

«ሞቼ ነው!»

«እሺ ኦዪ።»

«ሞቼ ነው እዚያ ቤት የምረግጥ!»

«እሺ አልኩ እኮ።»

ሳኖባር ተነስታ ወደ ትሎቹ ክፍል ገባች። በላይኛው ቆጥ ጥግ ላይ አንዱ ትል ትዕግሥቱ አልቆ ቅጠል ላይ መፍተል ጀምሯል። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ ያበራል። አጠገቡ ሌላው ጀመረ። ትንሽ ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አለች ኢክቦል።

«ልሞት» አለች ሳኖባር።

ሆሲያትን ግቢዋ ውስጥ የእንጨት መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። መቀመጥ! በዚህ ቀን! ሳኖባር ነገሩ ገረማት፤ ግን ልቧ የራሷ ጉዳይ ላይ ነበርና አላሰበችበትም። የሆሲያት ትልቁ ጠጉሩ ቡፍ ያለ ውሻ እግሯን አሸተተና ተመልሶ ተኛ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች ሳኖባር ከበሩ።

«ወዐለይኩም አሰላም። ምነው፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» ሆሲያት ቦታዋን አለቀቀችም። «ልትሰድቢኝ ከሆነ ቁጭ በዪ። ባለፈው ቆመሽ ስትሰድቢኝ ውለሽ ወገብሽን አሞሽ ከረመ አሉ።»

«ያሳመመኝስ ዶማው ነው። ጭራሮ ፈልጌ መጣሁ።»

«ምን?»

«ጭራሮ። የትል እስር።»

«ቆይ ቆይ። ያቺ ሳህኔን አጥባ ባዶውን የላከችው ሴትዮ ነሽ?»

«አዎ፣ እሷው ነኝ።»

«ጥሩ አድርገሽ ነበር ያጠብሽው፣ አልክድም። ያንቺ ጭራሮስ? መከር ላይ እስከ ጣሪያ ስትከምሪ አይቼ ቀንቼብሽ ነበር።»

ሳኖባር መሬት መሬት እያየች፣ «ድመት ወለደችበት» አለች።

ሆሲያት አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳቀች። ጉልበቷን እየመታች፣ መደቡ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ድመት አልወድም ያለችው! ጭራሮዋን ለድመት አከራይታ!» ደግሞ ድንገት አቆመች።

«ታርጊል ናት?»

«እሷ ናት እንጂ ማን ቀረ?»

«ስንት?»

«አራት።»

ሆሲያት በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፤ ይኼኛው ዕንባ የሳቅ አልነበረም። ተነሳችና «ነይ» አለች። የትሎቿን ክፍል በር ከፈተች። ሳኖባር ከደጃፉ አላለፈችም፤ በሰው ትል ላይ ዘው አይባልም። ግን ማለፍ አላስፈለጋትም። አራት ቆጥ አለ፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። በአራተኛው ላይ ጥቂት ትሎች እዚህም እዚያም ራሳቸውን ያነሳሉ።

«አይጥ ነው» አለች ሆሲያት። «መርዙን ካስቀመጥኩ በኋላ አንድ ወር ድምፁ ጠፋ። ከዚያ መጣ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። ድመት የለ፣ ማንን ይፈራል? ዱላ ይዤ እዚህ ስተኛ ከረምኩ። ትንሽ ሲያሸልበኝ ይበላል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ታመሙብኝ ነው ያልኩት። ጭራሮውን እንዳለ ውሰጂው፤ የሚወጣበት የለኝም።»

ሳኖባር ባዶዎቹን ቆጦች አንድ ባንድ አየች።

«በዪ እንጂ» አለች ሆሲያት። «እሰይ በዪ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ባለፈው ወር ብሰማ ኖሮ እል ነበር፤ ወላሂ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጊዜ የለኝም።»

ተያዩና ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ሳኖባር ግን ፈገግታዋ አልዘለቀም። «ሆሲያት፣ ያን ቀን ስለ ባልሽ ያልኩት...» አለች። «ከአፌ ካመለጠ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺ ክፉ አይደለሽም። ማሩኝ የምል ሰው አይደለሁም፤ ታውቂኛለሽ፤ ግን ማሪኝ።»

«አህያውን ጋሪ ላይ ልጥመድ» አለች ሆሲያት፣ ወደ ግቢው እየተራመደች። «ትልሽ ፋንድያ ላይ ሊፈትል ነው፣ አንቺ እዚህ ታለቅሺያለሽ።»

የመጀመሪያው ጋሪ ወዲያው ደረሰ። ኢክቦልና ሳኖባር እስሩን እየፈቱ ቆጡ ላይ አቆሙት፣ በሰልፍ በሰልፍ፣ ትሉ የትም ቢዞር ጭራሮ እንዲያገኝ። ትሎቹ አላቅማሙም። አንዱ እግሩን ጭራሮው ላይ አሳርፎ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው። ሁለት ቆጥ ሞላ። ሁለቱ ቆጦች ይቀራሉና ሆሲያት ሁለተኛውን ጭነት ልታመጣ ተመለሰች።

ያኔ ነው ኢክቦል የሳኖባርን እጅጌ የጎተተችው።

«ኦዪ፣ አይንቀሳቀሱ።»

በግቢው መሀል ታርጊል ትመጣለች። አፏ ላይ ግልገል አንጠልጥላለች። የአህያው ኮቴ፣ የሰው ትርምስ፣ የተነሳው እስር፣ ሁሉም አስግቷታል፤ ልጆቿን ልታሸሽ ነው። ወደ አጥሩ ብትዞር፣ ወደ ቦዩ ብትሄድ፣ ወደ ጥጥ እርሻው ብትገባ፣ ያኔ አለቀ። ታርጊል ግን በቀጥታ መጣች። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። ድመቷ በኢክቦል እግር አጠገብ አልፋ በታችኛው ቆጥ ሥር፣ ጥጉ ድረስ ገባች፤ አሮጌ የሱፍ ምንጣፍ የተጣለበት፣ በምድጃው ግድግዳ የሚሞቅ ጥግ ነው። ግልገሏን አስቀመጠችና ወጣች።

«ቤት ገባች እኮ!» አለች ኢክቦል በሹክሹክታ። «ራሷ ገባች!»

«ዝም በዪ፤ እንዳትሰማሽ።»

ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ታርጊል አራተኛውን ልታመጣ ግቢውን ስታቋርጥ፣ የሆሲያት ጋሪ በበሩ ገባ፤ ከጋሪው ኋላ ያ ቡፍ ያለ ውሻ። መቼም ውሻ ድመት አይቶ ዝም አይልም። ጮኸ፣ ተወረወረ። ታርጊል እንደ ጭስ ብን አለች፤ ሲያዩ እንጆሪው ጫፍ ላይ ናት።

«አንተ ከይሲ! አንተ ሆዳም! ማን ና አለህ?» ሆሲያት ጫማዋን አውልቃ ውሻውን እያሳደደች ከግቢ አስወጣችውና በሩን ዘጋች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ነጥቷል። «ደግሞ እኔ! ደግሞ በኔ ሰበብ! ምን ዓይነት እጅ እግር ነው አላህ የሰጠኝ?»

«አልሞተችም፤ ወጣች እንጂ» አለች ሳኖባር። «ጭራሮውን አቀብዪኝ።»

ሦስተኛው ቆጥ ሞላ፤ አራተኛው ሞላ። ታርጊል ብዙ ቆይታ ወረደች። በግድግዳው ሥር ተለጥፋ መጥታ ቆጡ ሥር ገባችና ሦስቱን አቅፋ ተኛች። ሴቶቹ ጠበቁ። አልተነሳችም። ከዕቃ ቤቱ ግን የአራተኛው ጩኸት ይሰማል።

«ትሄዳለች፤ ትንሽ ትረፍ» አለች ሳኖባር።

አልሄደችም። ጥላው የግቢውን እኩሌታ ሸፈነ። ጩኸቱ እየቀጠነ መጣ፤ ደግሞ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል።

«ድመት ቆጥራ አታውቅም» አለች ሆሲያት። «ሦስቱ ሲጠቧት ሞላልኝ ብላ ነው።»

«ኦዪ፣ እየደከመ ነው» አለች ኢክቦል።

«ጆሮ አለኝ!»

ሳኖባር እጆቿን ጭኗ መሀል ቀበረች። ፈርታለች። ትሎቿ በሙሉ ሲጠፉ ብታይ ይህን ያህል የምትፈራ አይመስላትም። «ከነካሁት ትጠላዋለች» አለች። «ይባስ ብላ ሦስቱንም ጥላ ትሄዳለች። ዓምና ያየሁትን አይቻለሁ። የኔ እጅ ነው የገደላቸው።»

«እኔ ላምጣው?» አለች ሆሲያት።

«አንቺማ!»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እኔማ አይሆንም።» ሆሲያት ወደ መሬት አየች፣ ከዚያ ቀና አለች። «ግን ስሚ ሳኖባር። ዓምና ከእናታቸው ወሰድሻቸው። ዛሬ ወደ እናቱ ነው የምትወስጂው። ይኼ አንድ ነው እንዴ?»

ሳኖባር ተነሳች። ከገንዳው ውሃ ቀድታ እጆቿን እስከ ክርኗ አጠበች፤ ያለ ሳሙና፣ ትል ለመንካት እንደምትታጠበው። ዕቃ ቤት ገባች። ግልገሉ ጭራሮ መሀል ተሰንቅሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ እንኳ አጥቷል። ስታነሳው ቀዝቅዟል። ክብደት የለውም። «ቢስሚላህ» አለች፤ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እየተራመደች ሳለ ልቡ ሲመታ ተሰማት፤ ወይም የራሷ ልብ ነው፤ አልለየችውም።

ቆጡ ሥር ለመግባት በሆዷ መሳብ ነበረባት። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ወገብ! ኢክቦል ልትከለክላት ቃጣች፤ ሆሲያት ክንዷን ያዘቻት። ሳኖባር ተሳበች። ታርጊል ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ማጉረምረም ጀመረች። ሳኖባር ግልገሉን መዳፏ ላይ አድርጋ እጇን ዘረጋች። ታርጊል መታቻት። አራት ጥፍር ከአንጓዋ እስከ አውራ ጣቷ ወረደ፤ ደሙ ወዲያው ወጣ። ሳኖባር ጥርሷን ነከሰች እንጂ እጇን አልሳበችም።

«ምቺኝ» አለች ቀስ ብላ። «ምቺኝ፣ መብትሽ ነው። እሱን ብቻ ተቀበዪኝ።»

ታርጊል ደግማ አልመታችም። አንገቷን አስረዝማ ግልገሉን አሸተተች። የሳኖባርንም እጅ አሸተተች፤ ጣት በጣት፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ግልገሉን ጭንቅላቱ እስኪወዛወዝ ድረስ ትልሰው ጀመር። ስትልሰው ስትልሰው ቆየችና፣ ከሳኖባር መዳፍ ላይ ሳታነሳው፣ ሆዷን አስጠግታ እላዩ ላይ ዘፍ አለች። ግልገሉ ፈለገ፣ ሳተ፣ ደግሞ ፈለገ። ሳኖባር መዳፏ ውስጥ ትንሽ አፍ ሲስብ ተሰማት። የታርጊል ሙሉ ክብደት፣ ሙቀቷና ትንፋሿ፣ ሁሉም እጇ ላይ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከነዚህ ድመቶች አንዱን እንኳ እንዲህ ነክታ አታውቅም። ዕንባዋ በአፍንጫዋ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሆሲያት ከላይ። «ሞትሽ እንዴ?»

«ቀስ በዪ! ጠባ... እየጠባ ነው።»

«እሰይ! ተመስገን! በዪ ውጪ እንግዲህ፣ እጅሽ ይደማል።»

«ተኝታበታለች።»

«አስለቅቂያት!»

«አላስለቅቃትም።»

«እስከ መቼ እዚያ ልትሆኚ ነው አንቺ ሴትዮ?»

ሳኖባር ጉንጯን ምንጣፉ ላይ አመቻቸች። ከበላይዋ፣ በአራቱም ቆጥ ላይ፣ ትሎቹ ጭራሮው ውስጥ መፍተል ጀምረዋል።

«ኢክቦል» አለች፣ «ትራስ አምጪልኝ።»